ራስ መኰንን፦ ከኢየሩሳሌም ጎዳና እስከ ቁልቢ ኮረብታ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ሠለስቱ ደቂቅ ከናቡከደነፆር የእሳት እቶን የዳኑበትን የቅዱስ ገብርኤልን ተአምር ስናስብ፣ ከሰሜንና ከደቡብ፣ ከመሐል አገርና ከባሕር ማዶ የሚነሡ ምእመናን ፊታቸውን ወደ ሐረርጌ ደጋ ያቀናሉ። ከፊሉ በመኪና፣ ከፊሉ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከፊሉም እንደ ቀደሙት አባቶችና እናቶች በእግሩ ተጉዞ ቁልቢ ይደርሳል። ስእለቱ የሰመረለት ጥላውን፣ ጧፉንና ዕጣኑን ይዞ ይመጣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። በዓመቱ ልጅ ያገኘች እናት ሕፃኗን አዝላ ለክርስትና ታመጣለች።

ይህን ቤተ ክርስቲያን ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል እንዳሠሩት የሚያውቀው ምእመን ብዙ ነው። ይሁን እንጂ እኚህ ሰው ራሳቸው አስቀድመው ባሕር ተሻግረው ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ መንገደኛ እንደ ነበሩ፣ ሕይወታቸውም በመጨረሻ በዚያው በቁልቢ እንዳለፈች የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስለሆነም በዛሬው የበዓል ዓምዳችን የራስ መኰንንን ሕይወት ከጦር ሜዳ ውሏቸው ይልቅ ከመንገደኝነታቸው አንጻር ልንተርክ ወደድን።

ትውልድና አስተዳደግ

ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም.፣ በልደታ ለማርያም ዕለት፣ በሸዋ በደረፎ ማርያም ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ፣ እናታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ነበሩ። በመሆኑም ለዳግማዊ ምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ወስደው ከመቅደላ ተመልሰው የሸዋን ዙፋን ለያዙት ለምኒልክ ሰጧቸው። በዚያ ቤተ መንግሥት ሥርዓትን፣ ፈረስ ጉግሥንና የአገር አስተዳደርን እየተማሩ አደጉ፤ በጠባያቸውም ዝምተኛና አስተዋይ፣ የሰው ነገር አዳማጭ በመሆናቸው በንጉሡ ዘንድ እምነት አገኙ። ኋላም ወይዘሮ የሺእመቤት አሊን አግብተው፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተፈሪ የተባለውን ልጅ ወለዱ፤ ይህም ልጅ በኋላ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የነገሠው ነው። ወይዘሮ የሺእመቤት ልጃቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሐረርና ጨለንቆ

ሐረር በዚያ ዘመን በግንብ የታጠረች፣ አምስት በሮች ያሏት፣ የእስልምና ትምህርትና የንግድ መናኸሪያ የሆነች ጥንታዊት ከተማ ነበረች። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ይዘዋት ለአሥር ዓመት ያህል ገዝተዋታል። እነርሱ ከወጡ በኋላ አሚር አብዱላሂ መንበሩን ያዙ፤ በዚያው ጊዜም የአውሮፓ መንግሥታት ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሆነው ወደ ውስጥ አገር ይመለከቱ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር የዘመቱት በዚህ ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በልደት በዓል ዕለት፣ በጨለንቆ ሜዳ ላይ ውጊያ ተደረገ፤ የአሚሩ ጦር ተሸነፈ፤ ከተማይቱም ተያዘች። ንጉሡም ያን ጊዜ ባላምባራስ የነበሩትን መኰንንን ደጃዝማች ብለው የሐረር ገዥ አደረጓቸው።

እዚህ ላይ ለምእመናን አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። ጨለንቆ ለሐረሪና ለሐረርጌ ኦሮሞ ቤተሰቦች የኀዘን መታሰቢያ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመኪና ወደ ቁልቢ የሚሄድ ተሳላሚ ከመድረሱ በፊት በጨለንቆ በኩል ያልፋል። አንዱ ወገን በምስጋና የሚያልፍበት መንገድ ሌላው ወገን አባቶቹን የሚያስብበት መንገድ ነውና፣ ተሳላሚው በዚያ ሲያልፍ ዝማሬውን ከጸሎት ጋር ቢያስተባብር መልካም ይመስለናል።

ገዥው መኰንንም የተሾሙበት ሕዝብ አብዛኛው የሌላ እምነት ተከታይ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያውቁ ነበር። ግብፆች በፈረስ መጋላ አደባባይ መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተክሏል፤ ይህም ድል ነሺ በያዘው ከተማ ምልክቱን የሚያቆምበት የዘመኑ ልማድ ነበር። ከዚያ በተረፈ ግን የጀጎል መስጊዶች ጸሎታቸው አልተቋረጠም፤ ገበያውም አልተዘጋም። ከየአገሩ የመጡ የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች በከተማይቱ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

የዘይላ መንገድ

ከሐረር ወደ ባሕር የሚወስደው ዋናው መንገድ ያን ጊዜ የዘይላ መንገድ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ቡናውን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ ከደጋው ይወርድና ገልዴሳ ሲደርስ ጭነቱን ወደ ግመል ያዛውራል፤ ከዚያ በኋላ በረሃውን ማለፍ የሚቻለው በግመል ነውና። ውኃ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየተቈጠረ፣ ሌሊት እየተጓዙ ቀን እያረፉ፣ ብዙ ቀናት ከፈጀ ጉዞ በኋላ ዘይላ ይደረሳል።

ይህ መንገድ የንግድ መንገድ ብቻ አልነበረም። የሐረር ሙስሊሞች ለሐጅ ወደ መካ የሚሄዱት በዘይላ በኩል ነበር፤ ክርስቲያኖች ለኢየሩሳሌም ሲነሡም ያንኑ በረሃ ያቋርጣሉ። አንዱ ወደ መካ፣ ሌላው ወደ ጎልጎታ ቢያስብም ጥማቱና ድካሙ አንድ ነበር። ሐረርን ለመረዳት የፈለገ ይህን ቢያስተውል ብዙ ይማራል።

ከዚያ በፊት ግን የኢየሩሳሌም መንገድ በሰሜን በኩል ነበር። አባቶቻችን ከደብራቸው ተነሥተው በሱዳን በኩል ዓባይን ተከትለው፣ ወይም በቀይ ባሕር ዳርቻ በስዋኪን በኩል፣ ወደ ግብፅ ይደርሱ ነበር። ከካይሮም የሲና በረሃን አቋርጠው ወደ ቅድስት አገር ይገባሉ። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ መንገድ በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው እስከ አርመንያ ድረስ ሄደዋል፤ ወደ አገራቸውም ሳይመለሱ በዚያው ዐርፈዋል። መንገዱን ከጀመሩት ውስጥ በበሽታ፣ በውኃ ጥምና በወንበዴ የቀሩት ቁጥራቸው የበዛ ነው። የደረሱትም በዴር ሡልጣን ገዳም ከመነኮሳቱ ጋር በችግር ይኖሩ ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን በጨረሰ ጊዜ ገዳሙ ባለቤት አልባ ሆኖ፣ መጻሕፍቱ ተቃጥለው፣ ቁልፉም ከእጃቸው ወጣ። የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ግን የባሕሩ ጉዞ እየቀለለ ሄደ፤ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም መሄድም ከቀድሞው ይልቅ የሚቻል ሆነ።

ከሮም ወደ ኢየሩሳሌም

የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ ደጃዝማች መኰንን የዐፄ ምኒልክ መልእክተኛ ሆነው ከኮንት አንቶኔሊ ጋር ወደ ጣሊያን ተላኩ። በረሃውን ወርደው፣ በመርከብ ባሕሩን ተሻግረው፣ ከንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀረቡ። ፋብሪካዎችን፣ የጦር ሠፈሮችንና መርከቦችን አሳዩዋቸው። በመስከረም ወር 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ተፈረመ፤ በውሉም ኢትዮጵያ አራት ሚሊዮን ሊሬ እንድትበደርና የሐረር ጉምሩክ መያዣ እንዲሆን ተስማሙ። መልእክተኛው ገና በጣሊያን ምድር ሳሉ፣ በጥቅምት ወር፣ የጣሊያን መንግሥት የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ በራሱ ትርጉም ይዞ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ሲል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀ። የአማርኛው ቃልና የጣሊያንኛው ቃል የተለያየ መሆኑ የኋላ ኋላ ጦርነት እንዳስከተለ የታወቀ ነው።

መኰንን ከዚህ የዲፕሎማሲ ጉዞ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ አገራቸው አልገቡም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው ቅዱሳት መካናትን ተሳለሙ። ያን ጊዜ ከያፋ ወደብ እስከ ከተማይቱ የሚሄድ ባቡር ገና አልተሠራም ነበርና መንገደኛው ሁሉ በደረቁ ምድር ተጉዞ ተራራውን መውጣት ነበረበት። ከከተማይቱ ቅጥር ውጭ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግንባታው አልተፈጸመም ነበር፤ የተፈጸመው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1885 ዓ.ም. ነው።

ይህን ጉዞ ከሌላው የሚለየው ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መኰንን በአንድ ጉዞ ሁለት ዓይነት ክብር ማየታቸው ነው እንላለን። በሮም የነገሥታትን ኃይል፣ በኢየሩሳሌም ደግሞ ከአገራቸው በእግር የመጡ መነኮሳትን ድህነት አዩ። ከመጀመሪያው ለመንግሥታቸው የሚያስፈልገውን የጦር መሣሪያና የውጭ አገር ዕውቀት፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሰው በኃይሉ ብቻ እንደማይቆም መረዳትን ይዘው ተመለሱ። ሲመለሱም የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ዓድዋና የቁልቢ ስእለት

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሮም ያስተናገዳቸው መንግሥት ጦሩን አዘመተ። ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ተጓዙ። ወደ ዘመቻው ሲሄዱ በቁልቢ በኩል አልፈው ለመልአኩ ለቅዱስ ገብርኤል እንደ ተሳሉ ከአባቶች ሲነገር ኖሯል። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባ አላጌ የጠላትን ግንባር ጦር ድል ካደረጉት መሪዎች አንዱ ሆኑ። በመቀሌ ምሽጉ ተከቦ ውኃ በተቋረጠበትና ጠላት በተጨነቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በውስጥ ያሉት ወታደሮች በሕይወት እንዲወጡ ፈቀዱ፤ እስከ ወገኖቻቸው የጦር ሠፈር ያደረሷቸውም ራስ መኰንን ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዓድዋ ተሰለፉ፤ የዚያ ዕለት ነገር ለአንባብያን የተሰወረ አይደለም።

ከድሉ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሰው ስእለታቸውን ፈጸሙ፤ በቁልቢ ኮረብታ ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ቦታው ከሐረርም ከድሬዳዋም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከሐረር የሚነሣ እግረኛ ሐማሬሳን፣ አወዳይንና ሐረማያን አልፎ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው መንገድ በሚገናኝበት በደንገጎ በኩል ወደ ቁልቢ ያቀናል። ዛሬ የምናየው ትልቁ ሕንፃ በልጃቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ የተሠራ ነው።

ለምን በሐረር ከተማ ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ዳር ኮረብታ ላይ አሠሩት? እኛ እንደሚመስለን፣ ኢየሩሳሌምን በዓይናቸው ያዩት ራስ መኰንን የድሀው ገበሬና የባልቴቲቱ እግር ወደዚያ መድረስ እንደማይችል ያውቁ ነበር። የመርከብ ዋጋ የሌለው፣ በረሃ የሚያስፈራው፣ ልጆቹን ትቶ ዓመት መቆየት የማይችል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ላለው ሰው በአገሩ ውስጥ የሚሄድበት መንገድ፣ የሚወጣው ዳገት፣ ስእለቱን የሚያኖርበት ደጃፍ ያስፈልገዋል። ቁልቢ ይህን ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑን ሊሳለሙ ከሚመጡት መካከል የሌላ እምነት ተከታዮች መኖራቸውም ለረጅም ዘመን የታየ ነገር ነው።

ድንበርና ባቡር

በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሮድ ሐረር በመጣ ጊዜ፣ ኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ሶማሌላንድን የሚለየውን ድንበር የተነጋገሩትና ደብዳቤ የተለዋወጡት ራስ መኰንን ነበሩ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የጅቡቲ ድንበር በውል ተወሰነ። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው፣ ሐጃጁና የኢየሩሳሌም ተሳላሚው ከጥንት ጀምሮ ያለ ወረቀት ሲያልፉበት የኖሩት በረሃ በካርታ ላይ የመንግሥታት ወሰን ሆነ። ዘይላ በአንድ መንግሥት፣ ጅቡቲ በሌላ መንግሥት እጅ ሆነው ቀሩ።

ራስ መኰንን በ1894 ዓ.ም. በእንግሊዙ ንጉሥ በኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል ላይ ለመገኘት ለንደን ሄዱ። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በግመል ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው በረሃ በባቡር አጭር ሆነ። ከዚያ ወዲያ የኢየሩሳሌም ተሳላሚ ድሬዳዋ ላይ ተሳፍሮ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያም በመርከብ በስዊዝ በኩል ወደ ቅድስት አገር ያቀናል። በተቃራኒውም ከጅቡቲ ድንበር ተሻግሮ ለታኅሣሥና ለሐምሌ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚመጣው ሕዝብ በዚያው ሐዲድ መጠቀም ጀመረ።

በዘመናቸው በሐረር ሆስፒታል ተቋቁሟል፤ የካፑቺን ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ እንዲያቆሙም ፈቅደዋል። ራሳቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ሆነው ሳለ ለልጃቸው ለተፈሪ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መምህር አድርገው ማስተማራቸው፣ ከቋንቋና ከውጭ ዕውቀት ጋር እንዲያድግ ማሰባቸው፣ በጉዞ ያዩትን ሁሉ ለልጃቸው ስንቅ ለማድረግ እንደፈለጉ ያሳያል።

የመጨረሻው ጉዞ

በ1898 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ልጃቸው ተፈሪ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጡት። በዚያው ዓመት ከልደት በዓል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ከሐረር ተነሡ። በቡርቃ ሳሉ ሕመም ጠናባቸው፤ ወደ ፊት መቀጠል ስላልቻሉም ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ሐኪም ቢደርስላቸውም ሕመሙ አልበረደም። ልጃቸውም ተጠርቶ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ደረሰ። በመጋቢት ወር፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ራስ መኰንን ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 54 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አስከሬናቸውም ሐረር ሄዶ ራሳቸው ባሠሩት በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፄ ምኒልክም ቀኝ እጃቸው የነበረውን ሰው በማጣታቸው እጅግ አዘኑ።

ስንት ባሕር ተሻግረው፣ በሮምና በለንደን በክብር ተቀምጠው፣ በስንት የጦር ሜዳ ከሞት ተርፈው፣ መጨረሻቸው ግን በመንገድ ዳር በስእለታቸው ቦታ ሆነ። ሳይገደዱ ያሠሩት ደጃፍ ለመጨረሻ ቀናቸው ማረፊያ ሆናቸው።

የአባትን መንገድ ልጅ ይከተላል እንደሚባለው፣ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ በሄዱ ጊዜ በቅድሚያ ኢየሩሳሌምን ተሳልመዋል። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከስደታቸው የመጀመሪያ ማረፊያዎች አንዷ ያቺው ኢየሩሳሌም ሆነች። አባት በሰላም የተሳለሟትን ከተማ ልጅ በስደት ተሳለማት።

የቀረው መታሰቢያ

በሐረር ከተማ በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት የራስ መኰንን ሐውልት ለብዙ ዘመን ቆሞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር በተነሣው ሁከት ሐውልቱ ፈረሰ። ይህን የምናነሣው ቂም ለማደስ አይደለም። ከጨለንቆ ጀምሮ ስለ እኚህ ሰው የሚታሰበው ነገር በሁሉ ዘንድ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባልና ነው። የአንዱን ልቅሶ ሳያዳምጡ የሌላውን መወድስ ማቆም ዘለቄታ የለውም። ከድንጋይና ከብረት የሚሠራ መታሰቢያ ሰዎች ያቆሙታል፤ ሰዎችም ያፈርሱታል።

የማይፈርሰው መታሰቢያ ግን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በሕዝብ እግር ይታደሳል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሁሉ፣ ስማቸውን ቢያውቅም ባያውቅም፣ ራስ መኰንን በከፈቱት ደጃፍ ይገባል። ስለዚህ ዘንድሮ ወደዚያ የምትሄዱ ወገኖቻችን፣ በመንገድ ላይ የምታገኙትን ገበሬና ባለ ሱቅ፣ ውኃ የሚያቀብላችሁንም የሌላ እምነት ጎረቤት በፍቅርና በአክብሮት እለፉት። በመንገድ የሰውን ልብ አሳዝኖ በመቅደስ የሚቀርብ ስእለት እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። መሄድ ያልተቻላችሁም በየአጥቢያችሁ ሆናችሁ ጸሎታችሁን አድርሱ፤ መልአኩ በእቶን እሳት ውስጥ የነበሩትን ሦስቱን ልጆች ያገኛቸው እነርሱ ባሉበት ነውና።

የራስ መኰንንን ነፍስ ከጻድቃን ጋር ያሳርፍልን፤ በጨለንቆም በዓድዋም የወደቁትን ሁሉ እግዚአብሔር በምሕረቱ ያስባቸው። ለአገራችን ሰላምን፣ ለመንገደኞች በጎ መንገድን ይስጥልን። የቅዱስ ገብርኤል ረድኤትና በረከት አይለየን። አሜን።